በጠቀሱት መሠረት

«አለቃ ፈርመውልሻል፤ አልፈረሙም አላልኩም። ግን ሲፈርሙ ጠቅሰዋል» አለ ታከለ።

ይህን የሚለው ለእህቴ ለፍሬ ነው። የእኔን ጠረጴዛና የሰው ሀብት ኃላፊውን የታከለን ቢሮ የሚለያየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እሱ ማዶ ሻይ ሲያማስል እንኳ እሰማለሁ። እጄን ከኮምፒውተሩ አንስቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ፍሬ «ማንን?» አለችው። «እኔን ነዋ» አለ፣ ኩራቱ ግድግዳውን አልፎ እየተሰማኝ። «‹ይፈጸም› ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቀና ብለው አዩኝና በግራ ዓይናቸው ጠቀሱኝ። አንዴ። አንዴ ማለት ቆይ ማለት ነው። የኔ እህት፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ የከረምኩት ይቺን ይቺን ስለማውቅ ነው።»

ፍሬ ነርስ ናት። አምባ ጊዮርጊስ ከመኪና ወርደው በእግር ሦስት ሰዓት በሚኬድበት ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ባሏ ሙሉቀን ዛሪማ ከተማ ያስተምራል። የአራት ዓመት ልጃቸው ሶልያና ጡት ከጣለች ጀምሮ ጎንደር እኔ ዘንድ ናት፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን ፍሬ በሁለት ወር አንዴ፣ ሲዘጋ በአራት ወር አንዴ እየመጣች ታያታለች። ወደ ጎንደር ልዛወር ብላ የጻፈችው ማመልከቻ ሦስት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ኖሮ፣ ከሁለት ወር በፊት የዋና አስተዳዳሪው የአቶ ስማቸው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ጸሐፊያቸው ነኝ። አንብበው ሲጨርሱ «እናትና ልጅ እንዲህ ተለያይተው እስካሁን ማን ዝም አለ?» ብለው አዘኑና፣ ታከለን አስጠርተው ፊቱ ‹ይፈጸም› ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ሲያቀብሉት ጠቀሱት።

አልጠቀሱትም። ችግሩ ይኸው ነው።

አቶ ስማቸው ታመዋል። የግራ ፊታቸው ነርቭ ነው ይላል ሐኪማቸው። የዓይናቸው ቆብ ሳያዙት ይዘጋል፤ አንዳንዴ አንዴ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስቴ አከታትሎ፣ ሲደክማቸውና ሲናደዱ ደግሞ ይብስበታል። የሚገድል አይደለም። አዲስ አበባ ሄደው መርፌ ቢወጉ ለጥቂት ወራት ይተዋቸዋል። ለመወጋት ግን አራት ቀን ከቢሮ መጥፋት አለባቸው፤ አራት ቀን ከጠፉ ‹የት ሄዱ› ይባላል፤ ግምገማውና ሹም ሽሩ ደግሞ ደጃፋችን ላይ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አለቃ ስኳር እንዳለባቸው በታወቀ በሳምንቱ ‹ጤናዎን ይጠብቁ› ተብለው ጋቢ ለብሰው ተሸኝተዋል። ጋቢውን የገዛሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቢሮ በአሥራ ሰባት ዓመት አምስት አለቃ አሳልፌአለሁ። በገንዘብ የታማ ከርሟል፣ በሴት የታማ ከርሟል፤ የታመመ ግን ወር ሞልቶ አያውቅም።

ስለዚህ እውነቱን የምናውቀው እሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሐኪሙና እኔ ብቻ ነን። ሐኪሙ ‹ኢንቨስተር› ተብሎ በምሳ ሰዓት ይገባል። ክኒናቸውን ‹ጥብቅ ምስጢር› የሚል ፖስታ ውስጥ ከትቼ የማስገባላቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር፤ ‹ናቁን› ተባለና አወለቁት። ቀጥለው ስልክ የሚያናግሩ መስለው ግራ ፊታቸውን በእጃቸው መሸፈን ጀመሩ። አንድ ቀን ግን የወረዳ አስተዳዳሪዎች በተሰበሰቡበት እንደዚያ እያወሩ ሳለ ስልኩ ጆሯቸው ላይ ጮኸ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ወደ ደብተሩ አቀረቀረ። አለቃ ሲዋሽ ማቀርቀር ከሥራ መግለጫችን ውስጥ ሳይጻፍ የቀረ ግዴታችን ነው።

ሠራተኛው ስለ ሕመም ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበም። አለቃ ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ትእዛዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ታከለ ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ መመዝገብ ጀመረ። በእሱ ትርጉም አንዴ ‹ቆይ› ነው፣ ሁለቴ ‹አፍጥን›፣ ሦስቴ ‹ማንም ሳይሰማ ጨርስ›። ፋይናንሶች ደግሞ አንዴ ሲሆን ነው አፍጥን፣ ሁለቴ ሲሆን ነው ቆይ ብለው ድርቅ አሉ፤ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሙሉ ከሰዓት ተሰብስበው ሳይስማሙ ተለያዩ። በር ላይ ያለው ዘበኛችን አያ ክንዱ፣ የወገራ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት አለቃ ከመኪና ሲወርዱ ስለሚጠቅሱት ‹ክፉ ሰው ገብቷል፣ ንቃ› ማለታቸው ነው ብሎ የመጣውን ሁሉ ሁለት ሁለቴ ይፈትሻል። አሥራ ሰባት ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ቦርሳዬን አራግፎ ማበጠሪያዬን ሳይቀር አገላብጦ አየው። «ምነው አያ ክንዱ፣ እኔን አታውቀኝም?» ብለው «ሸጋ አርጌ አውቅሻለሁ እንጂ። የጠቀሱኝ ግን እሳቸው ናቸው» አለኝ።

ይህ ሁሉ ተረስቶ ይቀር ነበር፣ ታከለ ደብዳቤ ላይ ባያሰፍረው። አንድ ቀን መጥቶ ‹ክቡር ዋና አስተዳዳሪው በጠቀሱት መሠረት ጉዳዩ ለጊዜው እንዲቆይ› የሚል ረቂቅ ሰጠኝ። ስተይበው ብቻዬን ሳቅኩ። የጻፈው ስለ ዓይን ነው፤ የሚያነበው ግን አንድ አንቀጽ፣ አንድ መመሪያ፣ አንድ የደብዳቤ ቁጥር የጠቀሱ ይመስለዋል። ደብዳቤው ወረዳ ወርዶ ‹በጠቀሱት መሠረት መፈጸማችንን እንገልጻለን› የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያልተጠቀሰበት ወረቀት ከዚህ ሕንፃ አይወጣም። ከአዲ አርቃይ እስከ ጎንደር ካለ የመንግሥት ሠራተኛ አንድም ሰው ‹ምን ጠቀሱ?› ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም መጠየቅ አላዋቂ ያስመስለኛል ብሎ ይፈራል።

ፍሬ ከታከለ ቢሮ ወጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። በእጇ ያለው ፌስታል ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ወንበሮቹ ላይ ባለጉዳዮች ስለነበሩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እቴ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። «መጥቀስ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው?» አለች። እኔም «ምሳ ሰዓት ቤት እንነጋገራለን» ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ከእኔ ስምንት ዓመት ታንሳለች፤ ታላቅ እህቷ ‹በኋላ› ካለቻት እሺ ብላ ነው ያደገችው።

ሳሙና በር ሰፈር ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ ኪራዩ አምና አራት ሺህ ነበር፣ ዘንድሮ ስድስት ገብቷል። አንደኛው ክፍል የእኔና የሶልያና አልጋ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሶሊ ስዕሎች የተለጠፉበት ቁም ሣጥን። ከቢሮ ስመለስ ጎረቤቴ ልጅቷን ከመዋዕለ ሕጻናት አምጥታት ነበር። ፍሬን ስታይ በሩ ላይ ቆማ አመነታችና ሄዳ ሳመቻት፤ ደግሞ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈች። እኔን ‹እማ› ትለኛለች። እናቷን ‹ፍሬ› ትላታለች፤ እኔ ስጠራት እየሰማች የያዘችው ነው። ለማረም ሞክሬ ነበር እላለሁ ለሰው። አንድ ሁለቴ ሞክሬአለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሞከርኩም።

ፍሬ ፌስታሉን ፈታች። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የገዛችው ሮዝ ጫማ ነው። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታጠልቅላት ተረከዟ አልገባ አለ፤ ገፋ አደረገችው፣ አልገባም። ሶሊ «ያመኛል» አለች። ሁለት ቁጥር ያንሳታል። እኔ ባለፈው ሰሞን ልኳን በአሥራ አራት መቶ ብር ገዝቼላት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበርና ሁላችንም ሳንወድ ዓይናችን እዚያ ሄደ። ፍሬ የራሷን ጫማ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። «ለጎረቤት ልጅ ትሰጫታለሽ» አለችኝ። እኔም «ቲማቲም እኮ ኪሎው ሰባ ብር ገባ» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ዓርብ ስለነበር የጾም ሽሮ አቀረብኩ፣ በላን፣ ሶሊ ከእኔ እጅ ጎረሰች፤ ሦስታችንም ምሳው እስኪያልቅ ስለ ቲማቲም ብቻ ነው ያወራነው።

እጃችንን ስንታጠብ ፍሬ «አለቃሽን አንቺ ብትጠይቂልኝስ?» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ለምን እንደጠቀሱ ብቻ። ጥፋት ካለብኝ ልወቀው።» የነርስ እጇ በየቦታው ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ ከወንዝ እያስቀዱ ነው እዚያ የሚያዋልዱት። «እስቲ አያለሁ» አልኳት። እውነቱን ልናገር። የዚያን ጊዜ፣ ታከለ ደብዳቤውን በመሳቢያው ሲከት አይቼዋለሁ። ‹ታከለ፣ የእህቴ ጉዳይ ነው፣ ጥቅሻውን ተወው› ብለው ያልቅ ነበር። አልኩት ወይ? አላልኩም። ምስጢር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጋብቻዬ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ እቤት ስገባ ‹እማ› የሚለኝ አንድ ሰው ነው ያለኝ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ በቆየ ቁጥር እሷም እኔ ጋ ትቆያለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው አንድ ነው፤ ሄለን የምትባለው የዕቅድ ባለሙያ ‹ዋና አስተዳዳሪው ጠቅሰውኛል› ብላ አቤቱታ አስገብታለች። የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሰብሳቢ፣ ታከለ አባል፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሄለን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ያለች፣ ሪፖርቷ ላይ ነጥብ የማትስት ልጅ ናት። አቶ ስማቸው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው በእስክሪብቶ ይጫወታሉ። ሸዋአየሁ አቤቱታውን አነበበች፦ ‹የሩብ ዓመት አፈጻጸም ሳቀርብላቸው በግራ ዓይናቸው ሁለት ጊዜ ጠቅሰውኛል፤ ይህም ክብሬን ነክቷል።› ታከለ ሰማያዊውን ደብተር ገልጦ «ሁለቴ ከሆነ አፍጥኚ ማለታቸው ነው» አለ፣ ልጅቷን ለመርዳት ብሎ። «ሪፖርቱ ዘግይቶ ነበር?»

«በቀኑ ነው ያስገባሁት» አለች ሄለን። «እኔ ሰው እንዲጠቅሰኝ አልተቀጠርኩም።»

ልክ ናት። ከመሥሪያ ቤታችን ‹ይህ ነገር ልክ አይደለም› ያለች ብቸኛ ሰው እሷ ናት፤ እሷም የተሳሳተችው ስለ ምክንያቱ ብቻ ነው። አቶ ስማቸው ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። ምን እንደሚያሰላስሉ አውቃለሁ፤ ባለጌ መባልና በሽተኛ መባል ቀርቦላቸዋል፣ ይምረጡ። ከማስታወሻዬ ጥግ ላይ ‹ይንገሯቸው› ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ገፋ አደረግሁላቸው። አነበቡት። ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛውን አዩና ቀና አሉ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ። «አሞኛል። ዓይኔን ነው።» ይህን ሲሉ ግራ ዓይናቸው ተጨፈነ።

ታከለ ለሸዋአየሁ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። ሸዋአየሁም ፊቷን ፈታ አድርጋ «ገብቶናል፣ ክቡርነትዎ» አለች፤ ወደ እኔ ዞራም «ታመው ነው ተብሎ ይያዝ» አለችኝ። ‹ተብሎ› የሚለውን ጫን አድርጋ ነው ያለችው። አቶ ስማቸው «ተብሎ አይደለም። የምሬን ነው። ሐኪም አይቶኛል» አሉ፤ ዓይናቸው አሁንም ሁለቴ ተጨፈነ። ታከለ «እናፋጥነዋለን» አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ» አሉት ተናደው፤ በንዴታቸው ዓይናቸው ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ ተርገበገበ፤ ታከለ ደብተሩ ውስጥ ለአራትና ለአምስት ቦታ ስላላበጀለት ፊቱ አመድ መሰለ። ሄለን ከመቀመጫዋ ተነስታ «አሁንም እኮ እየጠቀሱ ነው፤ እዚሁ ፊታችሁ» አለች። እውነት ለመናገር እንዲህ የተቸገረ ሰው አይቼ አላውቅም። ‹አሞኛል› ባሉ ቁጥር ዓይናቸው ‹አትመኗቸው› ይላል፤ እኛም አሥራ ሰባት ዓመት የተማርነው ከአለቃ አፍና ከአለቃ ዓይን የቱን ማመን እንዳለብን ነው።

በመጨረሻ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ። ድክም ብሏቸዋል። «በቃ» አሉ። «ጠቅሻታለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።» ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። ጸጥ ብሎ፣ ክፍት ሆኖ ሄለንን አያት። ሁሉም አመናቸው። ሸዋአየሁ እንዲያውም እንባዋ መጣ፤ እንዲህ ጥፋቱን የሚያምን መሪ አይተን አናውቅም አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩት ውሳኔ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ ክቡርነታቸው ከእንግዲህ ጥቅሻን ለመንግሥት ሥራ ብቻ እንዲጠቀሙ፤ ሁለተኛ፣ ሄለን ለደኅንነቷ ሲባል ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት እንድትዛወር። የሄለን ዝውውር እዚያው በአምስት ደቂቃ ተፈረመ። ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ክኒናቸውን ይዤ ስገባ አቶ ስማቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። «እጅጋየሁ» አሉ ሳይዞሩ፣ «እኔ እኮ ታከለ ጠላቴ ነው ብዬ ነበር። የፈረምኩት ሁሉ አይፈጸምም። ከሥር ሆነው የሚያሰናክሉኝ ሰዎች አሉ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለካ ይሄ ዓይኔ ነው?» «ይሄ ነው» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ ሆነው?» «ሁለት ወር አልፎታል።» ዞረው አዩኝ። «ምነው አልነገርሽኝም?» «እንዳይከፋዎት ብዬ ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰው ደግሞ በቶሎ ያምናል። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ቁጭ አሉና ከግምገማው በፊት ምንም እንደማይነካ፣ ሁሉም እንዳለ እንደሚቆይ ነገሩኝ። ከዚያ ቀና ብለው «የእህትሽስ?» አሉ። «ያቺ ነርስ። ፈርሜላት አልነበር?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው የእሷን ዛሬውኑ ጨርሺላት። እንዴት እንደምትጨርሺው እኔ አላውቅም።»

እኔ ግን አውቃለሁ። ተቀመጥኩና ደብዳቤውን ተየብኩት፤ ‹ክቡር ዋና አስተዳዳሪው በጠቀሱት መሠረት የነርስ ፍሬ ዝውውር ወዲያውኑ እንዲፈጸም›። እጄ ይህን ሐረግ ሳያይ ነው የሚጽፈው፤ ‹ፍሬ› የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆመ። ሰባት መስመር ነው ሁሉም። ሰባቱን መስመር ለመጨረስ የአንድ ገጽ ጊዜ ወሰደብኝ። ይዤ ታከለ ዘንድ ስገባ አንብቦ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ጠቀሱሽ?» አለኝ። «ጠቀሱኝ።» «ስንቴ?» «ሦስቴ» አልኩት። «ሦስቴማ ከሆነ» አለና ከመቀመጫው ተነሳ። ፈረመበት፣ ራሱ መዝገብ ቤት ወርዶ ቁጥር አሰጠው፣ ራሱ ማኅተም አስመታበት። ሦስት ዓመት የተንከራተተው ጉዳይ ታከለ ያፈላው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ፍሬ ነገ ተረኛ ስለሆነች መመለስ ነበረባት። ሶሊን ይዛ መናኸሪያ ስትጠብቀኝ ደረስኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መንገዱ ከአሥራ አንድ በኋላ ስለማያሳልፍ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ረዳት ሰዉን እያጣደፈ ይጭናል። ሶሊ እኔን ስታይ የእናቷን እጅ ለቃ መጣችና አቀፍኳት፤ ከብዳለች። ደብዳቤውን ለፍሬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደገና አነበበችው። ደስታዋን በአንዴ ማመን አቅቷት «‹በጠቀሱት መሠረት› ይላል። ምኑን ነው የጠቀሱት?» አለችኝ።

«ዓይናቸውን» አልኳት። ከዚያ አንድ ጊዜ ጀምሬአለሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ነርቩ፣ ስለ ሰማያዊው ደብተር፣ ስለ አያ ክንዱ፣ ሰውዬው ‹አሞኛል› ሲሉ ማንም እንዳላመናቸው። ፍሬ መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳቅኩ። ልጆች ሆነን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ ሲይዘን እንደዚያ ነበር፤ ሆዳችንን ይዘን፣ ሰው እያየን። ሶሊም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን ሳቀች። ፍሬ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና በመሃል ሳቋ ቀጥ አለ።

«ቆይ» አለች። «የእኔን ሲፈርሙ ሕመም መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለታከለ አንዲት ቃል ብትነግሪው ያን ቀን ያልቅ ነበር?»

«አዎ።»

ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ይጮሃል። ለአለቃዬ ያልኩትን ለእሷም ማለት እችል ነበር፤ ምስጢር ነው ልላት እችል ነበር፣ ሥራዬን ፈርቼ ነው ልላት እችል ነበር። ሁሉም አፌ ላይ ነበር። «ልጅሽን ወድጃት ነው» አልኳት። «ትሄድብኛለች ብዬ ነው።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እንድትጮኽብኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና «የዓይኑን ነገር አላወቅኩም» አለች። «አንቺ ማመልከቻዬን እንዳልገፋሽው ግን አውቅ ነበር። አንድ ዓመት ሆኖኛል ካወቅኩ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትናገሪኝ?»

«ልጄ እጅሽ ላይ አይደለችም እንዴ፣ እቴ?» አለችኝ። «ምን ብዬ ልናገርሽ?»

ሶሊን ግንባሯን ሳመቻት። እኔንም እንደ ሌላው ጊዜ ጉንጬን ሦስቴ ሳመችኝ፤ ፈገግታዋም እንደ ሌላው ጊዜ ነበር። «አመሰግናለሁ፣ እቴ» ብላኝ ተሳፈረች፤ ልጇ ገና እጄ ላይ ነበረች።